የመንገዱ ዋስ

አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ የማልችል ሴት ነኝ። እናቴ በልጅነቴ “ይቺን ልጅ ምን ነክቷት ነው እግሯ የማያርፈው?” እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እንደ እኔ ያለች ሴት ገበሬ አግብታ ከማሳ ጎተራ ስትሯሯጥ ብትውል ይሻላት ነበር፤ እኔ ግን ነጋዴ አገባሁ። የነጋዴ ሚስት ሥራዋ መጠበቅ ነው። ባሏ ከሄደበት ሰዓት ጀምሮ ጆሮዋ ደጅ፣ ዓይኗ መንገድ ላይ ነው። ልጅ ገና አልወለድንም ነበርና እሱ ሲሄድ ቤቱ ባዶውን ይቀራል፤ እኔም ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ ስል እውላለሁ።

ቤታችን አንኮበር ላይ፣ አፋፉ ጥግ ነበር። ጉም ያልወረደ ቀን ከደጃፌ ቆሜ ወደ ምሥራቅ ስመለከት፣ ገደሉ ቁልቁል ወርዶ አልዩ አምባ ላይ ያርፋል፤ ከአልዩ አምባ በታች ደግሞ በረሃው እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ ይታያል። ባሌ እዚያ ውስጥ ነው። አገሩ በሙሉ ከፊቴ ተዘርግቶ እሱን ግን አላየውም። ከዚህ የባሰ ሰውን የሚያቅበጠብጥ ነገር አላውቅም።

ያን ጊዜ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከሄዱ ወዲህ አንኮበር ጭር ብላ ነበር። የባሕሩ መንገድ ግን አሁንም በእኛው በኩል ነው። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ ከደጋው በበቅሎ ወርዶ አልዩ አምባ ላይ ወደ ግመል ይዛወራል፤ ጨውና ጨርቁ በዚያው ይወጣል። ታዲያ ይህ መንገድ የሦስት ጎረቤት መንገድ ነው። ላዩ የእኛ የደገኞቹ፣ ወገቡ የአርጎባዎቹ፣ ታቹ ደግሞ የአፋሮቹ፣ እኛ በዚያ ዘመን አዳል የምንላቸው ሰዎች ነው። ሽፍታው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከአንዱ አገር ይዘርፍና ወደ ሌላው ይሻገራል። አሳዳጁ ወንዝ ዳር ደርሶ ይመለሳል፤ የማዶው ዳኛ ደግሞ “በእኔ አገር ምን አጠፋ?” ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ሁኔታ ስንት ነጋዴ አለቀ።

በመጨረሻ የሦስቱም ወገን ሽማግሌዎች አልዩ አምባ ላይ ተቀመጡ። ባሌ ከደገኛው ወገን ከተቀመጡት አንዱ ነበርና ቃሉን ነግሮኛል። ከአንዳችን የሸሸ ዘራፊ የሁላችንም ዘራፊ ነው፤ የትም ቢጠጋ ተይዞ ይሰጣል። በደገኛና በአዳል መካከል ደም ቢነሣ አልዩ አምባ ላይ፣ የሁለቱም ሽማግሌዎች ባሉበት ይታያል። ቃል ብቻውን አያስተማምንምና ዋስ ጨመሩበት። ነጋዴ ወደ በረሃ ሲወርድ ከአዳል ወገን መሪ ይይዛል፤ የመሪው የቅርብ ሥጋ ደግሞ ነጋዴው እስኪመለስ ድረስ በነጋዴው ቤት ይቀመጣል። ነጋዴው በደኅና ሲገባ ዋሱ በደኅና ይወጣል። ነጋዴው ካልገባ ዋሱ ምን እንደሚሆን ጮክ ብሎ የተናገረ አልነበረም፤ የማያውቅ ግን የለም።

እኔ ቤት በዋስነት የተቀመጡት የመሪው አባት ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛውን በገበያ ስለለመዱት አሳጥረው ይናገራሉ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጋቢ ደርቤላቸው እንኳ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር።

“እዚህ ገደል ላይ ጭላዳ ብቻ የሚኖር ይመስለኝ ነበር” አሉኝ። “ለካ ሰውም ይኖራል።”

“የእርስዎስ አገር ድንጋዩ ይፈላል አሉ” አልኳቸው።

“ይፈላል። ግን እንግዳ አያንቀጠቅጥም።”

እኛ ያረድነውን ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ ወተቱን፣ ማሩንና ቂጣውን ለብቻ በገዛሁላቸው ዕቃ አቀርባለሁ። ስጾም ሲያዩ “እናንተ መቼ ነው የምትበሉት?” ይሉኛል፤ እኔም ሮመዳን ሲመጣ እጠይቅዎታለሁ እላለሁ። እንዲህ እየተነካካን ተላመድን። አንድ ልማዳቸው ግን ያናድደኝ ነበር። ማንም ሰው አንድ ወሬ ይዞ ሲገባ እንደ ዳኛ ያፋጥጡታል። ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ? በዓይኑ ያየው ማን ነው? ጎረቤቴ ዶሮዬን ቀበሮ በላት ብላ ስትነግረኝ፣ ቀበሮዋን ያየው ማን እንደሆነ ጠይቀው ሴትዮዋን አስኮረፏት። ይህን ልማዳቸውን ዳጉ ይሉታል። በእነሱ ዘንድ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ፣ ቢቸኩልም ባይቸኩልም ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ለይቶ ሳይነጋገር አይተላለፍም። አልጨርስ ብለው ሲያደርቁኝ ሥራ አለኝ ብዬ ተነሥቼ እሄዳለሁ።

ረፋድ ላይ ግን ሁለታችንም ደጃፉ ላይ እንገናኛለን። እሳቸው ልጃቸውን፣ እኔ ባሌን። የአንዳችን ሰው የሌላችንን ሰው ይዞ እዚያ ታች አለ። ባሌ ከቀረ እሳቸው አለቀላቸው፤ እሳቸው አንድ ነገር ከሆኑ ባሌ አለቀለት። ይህን ሳንነጋገር እናውቀዋለንና ወተታቸው ትንሽ ሲጎድል እንኳ ሮጬ እሞላ ነበር።

መርዶው የመጣው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። በር ሲንኳኳ ገና ከአልጋዬ ሳልነሣ አወቅሁት። የባሌ ታናሽ ወንድም ከፊት፣ የንስሐ አባታችን ከኋላ፣ ጎረቤቶቼ ጥቁር በጥቁር ሆነው ቆመዋል። ባሌን እስከ መጀመሪያው ውኃ ድረስ ሸኝቶ የተመለሰው በቅሎ ነጂያችን መሬት መሬት ያያል። ጉዞው በመልስ መንገዱ ላይ ተመትቷል፤ ከውኃ ጉድጓድ ዳር ወራሪ ገብቶባቸው አንድም ሰው አልተረፈም አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። ጮኽኩ። ደረቴን ደቃሁ፣ ፊቴን ነጨሁ። የባሌ ጋሻ ወጣ፣ የክት ካባው ወጣ፣ በቅሎው ያለ ኮርቻ በሕዝቡ መካከል ተጎተተ። አስለቃሿ የባሌን ደግነት እየጠራች ስታወርድ ገደሉ ራሱ አብሮን የሚያለቅስ ይመስል ነበር። የአንኮበር ጩኸት ደግሞ ከአፋፉ ላይ ተነሥቶ ቁልቁል ነው የሚሄደው።

ሽማግሌው ከመደባቸው አልተነሡም። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጠገባቸው ሳልፍ፣ “ማን አየ?” አሉኝ። ደሜ ፈላ። “ዛሬም ዳጉ?” ብዬ ጮኽኩባቸው። “ባሌ ሞተ እያልኩዎት!” የባሌ ወንድም በሩ ላይ ሰው አቆመባቸው። ሣልስቱ ሳይወጣ ደም አይነሣም፤ ሣልስቱ ሲወጣ ግን ጉዳያቸውን እናየዋለን አለ።

ረቡዕ፣ በሣልስቱ ቀን፣ ለለቀስተኛው ንፍሮ ልቀዳ ወደ ጓዳ ስገባ ሽማግሌው ኩታዬን ያዙኝ። እንደዚያ ነክተውኝ አያውቁም።

“ቁጭ በይ” አሉኝ። “አትቁሚ። ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።”

ቁጭ አልኩ።

“በቅሎ ነጂው በዓይኑ አላየም። ጠየቅሁት። አልዩ አምባ ላይ ከጨው ነጋዴ ሰማ፤ ጨው ነጋዴውም ከሌላ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም። ምናልባት እውነት ነው፤ ምናልባት ውሸት ነው። ጩኸትሽ ግን እውነት ነው። እሱን ሁሉ ሰው በጆሮው ሰምቷል። አልዩ አምባ ሰምቷል። አልዩ አምባ ከሰማ ግመል ነጂ ይሰማል። ግመል ነጂ ምን ይላል? የነጋዴው ቤት አለቀሰ። የነጋዴው ቤት ካለቀሰ ዋሱ ተገደለ። ወሬው ልጄ ዘንድ ሲደርስ፣ ባልሽ አጠገቡ ተቀምጦ ቢሆንስ?”

ሦስት ቀን ሙሉ እንዲያ ስጮኽ፣ ባሌን በሕይወቱ እየገደልኩት ሊሆን ይችላል ብዬ እንዴት ላስብ? እኛ ደገኞች መርዶ ሲነገረን እንጮኻለን እንጂ ማን አየ ብለን አንጠይቅም። ይህን መጠየቅ እንኳ ነውር ነው፤ ሟቹን አለመውደድ ነው።

“ታዲያ ምን ይሻላል?” አልኳቸው። “በሕይወት አሉ የሚል ሰው ልላክ?”

“ወሬ በወሬ አይሻርም። ከእኔ ወገን አንድ ሰው በዓይኑ ይየኝ።”

ተነሥቼ ወጣሁ። ለቀስተኛው መካከል ቆሜ “ይበቃል!” አልኩ። አስለቃሿ አፏን ከፍታ ቀረች። “ለቅሶው ይቅር። የሞተውን ያየ የለም። ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ግቡ።”

ከዚያ ጉድ ፈላ። አንዷ ኀዘኑ ራሷ ላይ ወጣ አለች፤ ሌላዋ ጸበል ይወሰድላት አለች፤ የባሌ አክስት ደግሞ እኔን ገና ስታየኝ ጀምሮ እንዳልወደደችኝ አስታወሰች። የባሌ ወንድም ጦሩን ከግድግዳው አነሣና ወደ ቤት ገባ። ተከትዬው ሮጥኩ። ሽማግሌውን ደረታቸው ላይ ጨብጦ ከመደቡ እየጎተታቸው ነበር።

“በንጉሥ አምላክ!” ብዬ ጮኽኩ።

ይህ ቃል ከተነገረ በአገራችን የማይቆም ሰው የለም፤ ካልቆመ ንጉሥን እንደ ደፈረ ይቆጠራል። እጁ በአየር ላይ ቀረ። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ እንባው ግን እየወረደ ነበር። ወንድሙን እኮ ነው የቀበረው፣ ያውም ሬሳ ሳያገኝ። አሳዘነኝ፣ ግን ጊዜ አልነበረኝም።

“እንካሰስ” አልኩ። “ከሳሿ እኔ ነኝ። የሞተው ባሌ ነው፤ ተከሳሹ እሳቸው ናቸው። ዳኛ ፊት እሄዳለሁ።”

በማግስቱ ዳኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ሰሙን። በሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ ይቆራኛሉ። አንዱ እንዳይሸሽ፣ ሌላውም እንዳይቀር ነው። ቋጠሮውን በገዛ እጁ የፈታ ደግሞ ነገሩን እንደ ተወ ይቆጠራል። የባሌ ወንድም እኔ ልቆራኛቸው አለ፤ ሴት ከወንድ ጋር ተቋጥራ በአደባባይ ስትሄድ ማን አይቷል አለ። እኔም ባሌ የእኔ ነው፣ ክሱም የእኔ ነው አልኩ። ዳኛው ጢማቸውን እየደባበሱ ቆዩና፣

“እሺ፣ ልሰማሽ። ክስሽን ተናገሪ” አሉኝ።

“እዚህ አልናገርም ጌታዬ። በደገኛና በአዳል መካከል የተነሣ ደም አልዩ አምባ ላይ ይታይ የሚለውን ቃል እርስዎም ተቀምጠው ነው የሰጡት። ነገ ገበያው ነው፤ የሁለቱም ሽማግሌዎች እዚያ አሉ። ተከሳሼን ይዤ ልውረድ።”

“ቢያመልጡሽስ?”

“በእሳቸው ፋንታ እኔን እሰሩኝ።”

ከጉንጫቸው ላይ ፈገግታ ቢጤ አየሁ፤ የማደርገው ገብቷቸው ነበር መሰለኝ። ቋጥሩ አሉ። የእኔ ኩታ ጫፍ ከሽማግሌው ጋቢ ጫፍ ጋር ተቋጠረ።

አርብ ገና ፀሐይ ስትወጣ ቁልቁሉን ጀመርነው። የባሌ ወንድም ጦሩን ይዞ፣ በቅሎውን እየሳበ፣ ከኋላችን ይከተላል። ሽማግሌውን ደግፌ የማወርዳቸው መስሎኝ ነበር። ግን አየሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር እሳቸው እየፈጠኑ፣ እኔ እያለከለክሁ፣ ጭራሽ ልጎተት ሆነ። አንድ ቦታ ቆመው መስገድ ጀመሩ። ቋጠሮው አጭር ነውና እሳቸው ሲያጎነብሱ እኔም ሳልወድ አጎነበስኩ፤ ሲነሡም ተነሣሁ።

“ሰለምሽ እንዴ?” አለ የባሌ ወንድም። በሦስት ቀን ውስጥ የተናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ነው።

“ዝም በል” አልኩት። “ለወንድምህም ጭምር ነው የሚጸልዩት።”

አልዩ አምባ ደረስን። አርብ ቀን የዚያ ገበያ ታችኛው ሜዳ በግመል ይጨናነቃል፤ ጨው ተራው ላይ ሰው መርገጫ ያጣል። ያን ቀን ሜዳው ባዶ ነበር። አንድ ግመል የለም። በርበሬ የዘረጉ ሴቶችና ሸማኔዎች ብቻ ሆድ የባሰው ሰው መስለው ተቀምጠዋል። የአገሩ ሽማግሌ፣ ባሌ ሲወርድ ሁልጊዜ የሚያድርባቸው አርጎባ፣ ከሩቅ አይተውን ብድግ አሉ። መጀመሪያ ያዩት እኔን አልነበረም።

“ላ ኢላሃ ኢለላህ! አንተ በሕይወት አለህ?” አሉ። ወደ እኔ ዞረውም፣ “ከትናንት ጀምሮ አንድም ግመል አልወጣም። ደገኞቹ ዋሱን አረዱት የሚል ወሬ ወርዷል” አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ መቆም አልቻልኩም። ውኃ እንኳ ሳልቀምስ እንውረድ አልኩ። አርጎባው ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አንሥተው አብረውን ወጡ። ከአልዩ አምባ በታች፣ ሙቀቱ ፊት የሚለበልብበት፣ ውኃው የደረቀ የአሸዋ ወንዝ አለ። የእኛ አገር ሰው ከዚያ ወዲያ ያለ መሪ አይሻገርም። ከማዶው ዳር፣ ከግራሮቹ ጥላ ሥር፣ ግመሎቻቸውን ያንበረከኩ ሰዎች ቆመዋል። ወደ ገበያ የሚወጡ ሰዎች አይመስሉም፤ ጦራቸው በእጃቸው ነበር። የባሌን ወንድም እዚያው እንዲቆም ለመንኩት። ጦሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌው በቋንቋቸው ተጣሩ። ማንም አልመለሰም። ደግመው ተጣሩና አሸዋው ውስጥ ገቡ፤ እኔም ተቋጥሬያለሁና አብሬያቸው ገባሁ፤ አርጎባውም ተከተሉን። መካከሉ ስንደርስ ከማዶ ሁለት ሰዎች ወረዱ። ቀርበው የሽማግሌውን ፊት አዩ፣ እጃቸውን ጨብጠው አገላብጠው ሳሙ። ከዚያ አራቱም፣ ከአርጎባው ጋር ማለቴ ነው፣ በዚያ ፀሐይ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። ዳጉ ተጀመረ።

አምላኬ ሆይ፣ ያን ያህል የተንቆራጠጥኩበት ቀን የለም። ሽማግሌው ይጠይቃሉ፣ እነሱ በዝግታ ይመልሳሉ፤ እነሱ ይጠይቃሉ፣ ሽማግሌው ይመልሳሉ። አርጎባው በጎን ሹክ ይሉኛል።

“ምን አሉ?” እላለሁ።

“ስለ ዝናብ ነው።”

“ባሌስ?”

“ገና ነው። አሁን ስለ ሣር ነው።”

ልነሣ ስል ቋጠሮው መልሶ ይስበኛል። አሸዋውን በእጄ እየዛቅሁ አፈሳለሁ። ስለ ግመሎች ተባለ፤ ስለ አንድ ሕመም ተባለ። ከዚያ የአንደኛው ሰው ድምፅ ዝቅ አለ። አርጎባው ሹክታቸውን አቋረጡ።

“ምን አሉ?”

በምርኩዛቸው አሸዋውን ጫሩ።

“ምን አሉ እኮ ነው የምለው!”

አርጎባው መሬት መሬት አዩ። ያኔ ቁርጤን አወቅሁ። ሞቷል ማለት ነው። የሽማግሌው ፊት ግን እንደ ነበረ ነው፤ ድምፃቸውም አልተለወጠም። ያንኑ ጥያቄያቸውን ይጠይቃሉ፤ ቃሉን ባላውቀውም ከእኔ ቤት ለምጄዋለሁ። ማን አየ? የት ሆኖ አየ? ሰውየው በእጁ ዓይኑን እየነካ ይመልሳል። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ጠየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣

“ባልሽ በሕይወት አለ” አሉኝ።

እልል አልኩ። ሌላ ምን ላድርግ? እልልታዬን ለቀቅሁት፣ አሸዋው ላይ ተደፍቼ እግራቸውን ሳምኩ፣ ወደ ባሌ ወንድም ዞሬ “አለ! አለ!” ብዬ ጮኽኩ። እሱም ጦሩን ጥሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ለሰዎቹ ረጋ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ተናገሩ። አንደኛው ሮጦ ግመሉን አስነሣና ወደ ታች ጋለበ።

“ልጅዎ ዘንድ ነው የሄደው?” አልኳቸው። “ባሌን ይዞት ይመጣል?”

“ልጄ ያመጣዋል” አሉ። “ታናሹ።”

እኔ የማውቀው ጉዞውን የሚመራው ትልቁን ነበር። ግራ ገብቶኝ ወደ አርጎባው አየሁ። እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ በአማርኛ፣ በዝግታ። ወራሪዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ ውኃ ጉድጓዱ ላይ ደርሰውባቸው ባሌን ሊወጉት ሲሉ መሪው ከፊቱ ቆመ። እዚያው ወደቀ። ወራሪዎቹ ሲመለሱ አብሮት የነበረው ታናሽ ወንድሙ ጉዞውን ተረከበ። ወደዚህ አንድ ቀን የማይሞላ መንገድ ሲቀራቸው፣ አባትህን ደገኞቹ አረዱት የሚል ወሬ ደረሰው። ባሌን ከግራር ሥር አስቀምጦ ጊሌውን፣ ያን ቆልማማ ጩቤያቸውን፣ ከፊቱ መሬት ላይ ተከለ። ግን አልነካውም። አባቴ ሲታረድ በዓይኑ ያየ ሰው ይምጣ ብሎ እየጠበቀ ነው።

ልጃቸው መሞቱን ሰምተው፣ ዝርዝሩን ሁሉ ጠይቀው፣ ከዚያ ዞረው መጀመሪያ ለእኔ የነገሩኝ የእኔን ደስታ ነው። ማልቀስ እንኳ አፈርኩ። እጄ ቋጠሮው ላይ ሄደ።

“አባቴ፣ ይሂዱ” አልኳቸው። “እኔ ክሴን ትቻለሁ። ከወገንዎ ጋር ሆነው ልጅዎን ያልቅሱ። ማንም አይከተልዎትም፤ እኔ ለዳኛውም እነግራለሁ።”

የባሌ ወንድም ከድንጋዩ ተነሥቶ አጠገባችን ደርሶ ነበር። “ይሂዱ አባት” አለ እሱም። ድምፁ ተሰብሯል።

ሽማግሌው እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑ። ቋጠሮውን እንዳልፈታ ነው።

“ባልሽ ቤቱ ገባ?” አሉኝ።

“አልገባም። ግን...”

“ልጄ የሞተው ባልሽ ቤቱ እንዲገባ ነው። እሱ ሳይገባ እኔ ቤቴ ብገባ፣ ልጄ ለምን ሞተ?”

ተነሡ፤ ፊታቸውን ወደ ሽቅቡ አዞሩ። የባሌ ወንድም በቅሎውን ቢያቀርብላቸውም አልተቀመጡበትም። ያን ሁሉ ዳገት ወደ ብርዱ በእግራቸው ወጡ፤ እኔም ከጎናቸው።

አንኮበር ስንደርስ ዳኛው ቋጠሮውን አስፈቱ፤ ሽማግሌው ግን ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት መደባቸው ላይ ተቀምጠው አሳለፉ። ወሬው አንኮበርን ስለሞላው ባለፈው ሳምንት ለባሌ ያለቀሱት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያጽናኗቸው መጡ። እሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው “ገና ነው” ይሉ ነበር። ወተታቸውን ይጠጣሉ፣ ይሰግዳሉ፣ የመጣውን ሁሉ ያፋጥጣሉ። ልጃቸውን በስሙ ሲጠሩት አልሰማሁም። እኔ ነበርኩ የማልተኛው፣ የማልበላው፣ በር በርን እያየሁ የምንቆራጠጠው።

ባሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከስቶና ጠቁሮ፣ ከሟቹ ታናሽ ወንድም ጋር ደጃፋችን ደረሰ። ልሮጥበት ስል ሽማግሌው ቀድመውኝ ተነሡ። መድረኩን ሲሻገር ቆመው አዩት፤ እጁን ያዙት፣ ትከሻውን ዳበሱት፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው ተመለከቱት። ከዚያ ለቀቁትና ወደ ግድግዳው ዞረው ለልጃቸው አለቀሱ።